«ያለ ጥፋት ኃላፊነት» ምንድን ነው?

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ነው። አንዲት ጠና ያሉ እናት በሚኒባስ ተገጭተው አስፋልቱ ዳር ተቀምጠዋል። ዘንቢላቸው ተገልብጦ ሽንኩርቱ ጎማው ሥር ድረስ ተንከባሏል። ሾፌሩ ራሱን ይዞ «ኧረ ዘለው ገቡብኝ! ምን ላድርግ?» ይላል። የከበበው ሰው ግማሹ ለእሳቸው፣ ግማሹ ለእሱ ይፈርዳል።

ሁሉም የሚከራከረው ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ላይ ነው። ካሳን በተመለከተ ግን ሕጉ ከዚያ አይነሳም፤ ጥፋት ባይኖርበትም ባለቤቱን ካሳ ያስከፍላል። «ያለ ጥፋት ኃላፊነት» የሚባለው ይህ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 እንደሚለው፣ መኪና ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶትም ቢሆን፤ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካላስረዳ በቀር። ቁጥር 2086 ደግሞ መውጫውን ያጠበዋል። «አላጠፋሁም» አያድንም። «ላስቀረው አልችልም ነበር» ማለትም አያድንም። ባለቤቱን የሚያድነው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው፤ ያውም በጥፋቱ ልክ። እናትየው በእርግጥ ዘለው ገብተው ከሆነ፣ ያንን ማስረዳት የባለቤቱ ፋንታ ነው። እሳቸው «ይበር ነበር» የሚል ምስክር ፍለጋ አይንከራተቱም። ደግሞስ እግሩ በጀሶ ታስሮ የተኛ ሰው ከየት ያመጣል?

ሁለት መኪና ሲጋጭ ነገሩ ሌላ ነው። ቁጥር 2084 ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል። ብረት ከብረት ነዋ። እግረኛው ግን ያለው ቆዳው ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ካሳ ነው። ሾፌሩን ለማሰር ጥፋቱ መረጋገጥ አለበት፤ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን የሚያነሳውም በዋናነት ለዚያ ነው።

ባለቤቱ ኪሱ ባዶ ቢሆንስ? የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ማለትም መኪናው ለሚጎዳው ሌላ ሰው የሚከፍለው መድን፣ ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው፤ መስታወት ላይ የምትለጠፈዋ ወረቀት ትርጉሟ ይሄው ነው። ገጭቶ ለተሰወረ መኪናም የመድን ፈንድ አለ።

ተጎጂዋ ላይ የሚቀሩ ነገሮች አሉ። ጉዳታቸውን ያስረዳሉ፤ የገጫቸው የትኛው መኪና እንደሆነም ያስረዳሉ። ክሱንም በ2 ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለባቸው።

የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ሲጯጯህ፣ አንድ ሊስትሮ ብሩሹን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ታርጋውን በስልኩ አነሳ።