የማደሪያውን ባለቤት ማን አስታወሰው?

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ (ሉቃ. 10፥30-35) ስንሰማ ልባችን የሚቀረው አልፈው በሄዱት በካህኑና በሌዋዊው ላይ ነው። ሳምራዊው ምን ምን እንዳደረገ ግን ቶሎ እናልፈዋለን። ወንበዴዎች ደብድበው መንገድ ላይ ለጣሉት ሰው አዘነለት። ቁስሉ ላይ ዘይትና የወይን ጠጅ አፍስሶ አሰረለት። በራሱ አህያ ላይ አስቀመጠው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ መንገዱ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ያውም በረሃ ለበረሃ። ማደሪያው ሲደርሱም ጥሎት አልሄደም፤ እስከ ማግሥቱ አብሮት ቆየ።

በማግሥቱ ግን ሄደ። ቁስለኛው ገና አልዳነም። 2 ዲናር ለማደሪያው ባለቤት ሰጠና «ጠብቀው» አለው፤ ከዚያ በላይ የሚያወጣውንም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር (ማቴ. 20፥2)። ጌታ «ለምን ሄደ?» ብሎ አልወቀሰውም።

ውጭ ሀገር ሆናችሁ ለእናታችሁ መድኃኒት የምትልኩ፣ «ከብር ሌላ ምን ረዳሁ?» እያላችሁ አትብሰልሰሉ። መላክም ማስታመም ነው። ብቻ ልኮ ሲያበቃ «ምን አደረጋችሁበት?» እያሉ እህትን በስልክ መመርመር ከሳምራዊው የተማርነው አይደለም። እሱ ወጪው ቢበዛም አምኖ ነው የሄደው።

የማደሪያው ባለቤት ግን ተረስቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት በሙሉ የወደቀው እሱ ላይ ነው። በየቤታችንም እንዲህ ያለች አስታማሚ አለች። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ ሌሊት እየተነሳች እናቷን ታገላብጣለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ የመድኃኒት ሰዓት ትጠብቃለች። እኛ ሙዝና ጁስ ይዘን ልንጠይቅ እንሄዳለን። «እማማ፣ ዛሬስ እንዴት ነዎት?» እንላለን፤ እንጸልያለን፤ እሷው ያፈላችውን ቡና ጠጥተን እንወጣለን። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ሥራ ጨመርንባት እንጂ አላገዝናትም። በር ላይ ደግሞ «አይዞሽ፣ ጽድቅ ነው» እንላታለን። ጽድቅ መሆኑስ እውነት ነው። ሳምራዊው ግን የማደሪያውን ባለቤት «ጽድቅ ነው» ብሎ በባዶ እጁ አልተወውም።

በሚቀጥለው ስትሄዱ ቡናውን እናንተ አፍሉ። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሰጥ ጠይቋትና «ዛሬ እኔ አድራለሁ፤ አንቺ ሄደሽ ተኚ» በሏት። «ኧረ ግድ የለም» ማለቷ አይቀርም። ይሉኝታ ነው፤ አትስሟት።