የታክሲ መጨረሻ፦ የአዲስ አበባ ዳር ዳር በነዋሪው መንገድ

አዲስ አበባን ላሳይህ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ፒያሳ፣ አራት ኪሎና መርካቶ አዙሮህ ይመልስሃል። ደስ ይላል። ግን ማታ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ ቆመህ ሰልፉን እየው። ያ ሁሉ ሰው ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ አያት፣ ወደ ጣፎ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ጎሮ። ቤቱ እዚያ ነው። ከተማውን በደንብ የሚያውቀው ሰው ደግሞ የተማረው በታክሲ ነው፤ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ፣ ረዳቱ ሂሳብ ሲለው «መጨረሻ ነኝ» ብሎ ከፍሎ፣ ታክሲው እስከሚቆምበት ድረስ ሄዶ።

መንገዱን የሚነግርህ አናቱ ላይ ያለው ታፔላ ነው፤ ከእሱ በላይ ግን የረዳቱ ድምፅ። እዚህ ሰው ቤቱን በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሲያስረዳ ብዙም አትሰማም፤ የሚታወቀው በሰፈርና በምልክት ነው። ስለዚህ ስሞቹን ጆሮ መስጠት ያስፈልጋል፣ ብዙዎቹ ታሪክ አዝለዋል። ጦር ኃይሎች በሆስፒታሉ ተጠራ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን በኤምባሲው። ማዞሪያ የሚባሉት ስማቸው ራሱ ይናገራል። ወደ ዳር ስትወጣ ደግሞ ኦሮምኛው ይበዛል፤ ቱሉ ዲምቱ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፣ ለገጣፎ ውስጥ ያለው «ለገ» ወንዝ ነው። ሕንፃው ከመምጣቱ በፊት መሬቱ ምን ይመስል እንደነበር ስሙ ላይ ተጽፏል። እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ ረዳቶች ሲጣሩ መስማት በጣም ነው የምወደው።

በሰሜን በኩል መጀመሪያ ሽሮ ሜዳ ውረድ። የሀገር ልብስ ገበያው ዋናው መንገድ ላይ ነው፣ ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢው ተሰቅሎ ታየዋለህ። ግን እዚያ ብቻ አትቁም። ወደ ውስጥ በሚገቡት ቅያሶች ሸማኔዎች አሉ፣ ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ናቸው። አንዱን ቤት ሰላም ብለህ፣ ፈቃድ ጠይቀህ ብታይ፣ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ይቀመጣል፣ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ይመላለሳል፣ ጥለቱ ጋ ሲደርስ እጁ ይዘገያል፣ ክሩን በጣቱ እየለየ ያነሳል። ያቺ ጠባብ ጥለት ከሰፊው ነጭ ይልቅ የምትፈጀው ጊዜ ይገርማል። ከዚያ በኋላ በዋጋ ለመከራከር አፌ አልታዘዝ ብሎኛል።

ከሽሮ ሜዳ ሌላ ታክሲ ወደ እንጦጦ ይወጣል። ጫፉ ወደ 3,200 ሜትር ስለሚደርስ በፀሐይም ቢሆን ጃኬት ያዝ። አጼ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ዘውድ የጫኑት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው፤ ከተማው ግን ከዚያ በፊት፣ በ1879 ዓ.ም፣ ወደ ታች ወደ ፍልውሃ መውረድ ጀምሮ ነበር። አዲሱን ከተማ የገጠመው የማገዶ እጥረት የተቃለለው ከአውስትራሊያ በመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ መናፈሻው ውስጥ ሰው ፎቶ ይነሳል፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ የሚወርዱ እናቶች አሉ። መንገድ ልቀቅላቸው። ሸክሙ ከራሳቸው ቁመት ይረዝማል።

በምሥራቅ በኩል ከኮተቤ መንገድ በላይ፣ የካ ተራራ ላይ፣ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። የእግር መንገድ አለው፣ ዳገት ነው፣ ብቻህን አትውጣ። ቀላል ባቡሩም ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ በዚህ በኩል እስከ አያት፣ በደቡብ እስከ ቃሊቲ ይሄዳል።

በየአቅጣጫው ዳር ዳሩ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ሀገር ነው። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ብዙ ሰው ምንም የለውም ብሎ ያልፈዋል፣ እኔ አልስማማም። ዕጣ ደርሷቸው ከየሰፈሩ የመጡ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች እንዴት ጎረቤት እንደሚሆኑ የሚታየው እዚህ ነው። ምድር ቤቱ ሱቅ ሆኗል፣ ደረጃ ሥር ጀበና ቡና ይፈላል፣ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ ተደርድሯል፣ ዕድርም ተቋቁሟል። የመጀመሪያ ቀን ኮዬ ፈጬ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ጠፋሁ። ብሎኮቹ አንድ ዓይነት ናቸው። በቆሎ የምትጠብስ እናት «የማን ቤት ነው ልጄ?» አሉኝ፣ ስሙን ነገርኳቸው፣ ከሰሉን ለልጃቸው ትተው ደረጃው ድረስ አደረሱኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ላይ ካለው ካርታ በፊት ሰው ነው የምጠይቀው። «እናቴ»፣ «ወንድሜ» ብለህ ጀምር፣ የብሎክ ቁጥሩን ያዝ።

ሰዓቱን ብቻ አስተውል። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ሕዝቡ ወደ መሀል ይጎርፋል፣ ማታ ይመለሳል። አንተ በተቃራኒው ሂድ። ጠዋት ወደ ዳር የሚመለሰው ታክሲ ባዶ ነው፣ ጋቢና መቀመጥ ትችላለህ፣ ሾፌሩም ያወራሃል። ስትመለስ ግን ሳይመሽ ተነሳ፤ ወደ መሀል የሚወርድ ታክሲ ከመሸ አይገኝም፣ ቢገኝም ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም ይልሃል።