ኮዱ «ተሳክቷል» ብሎ ቅንብሩ ለምን አልተለወጠም?

ሰሞኑን ይኸው ጥያቄ ተደጋግሞ ስለመጣ በአንድ ቦታ ላብራራው። በአማዞን ኤምኪው (በፕሮግራሞች መካከል መልእክት በሚያስተላልፈው የአማዞን አገልግሎት) ላይ ያለን ብሮከር፣ ማለትም መልእክቱን ተቀብሎ የሚያደርሰውን ሰርቨር፣ ቅንብር በኮድ ስትቀይሩ አንድ የሚመስለው ሥራ በእውነቱ ሦስት ነው።

«አፕዴት ኮንፊጉሬሽን» የሚለው ጥሪ ብሮከሩን ጨርሶ አይነካውም፤ አዲስ የቅንብር እትም ጽፎ ያስቀምጣል፣ በቃ። «አፕዴት ብሮከር» ደግሞ ያንን እትም ከብሮከሩ ጋር ያያይዘዋል። ይህም ቢሆን ቀጠሮ ነው እንጂ ለውጥ አይደለም። አዲሱ ቅንብር የሚሠራው ብሮከሩ ዳግም ሲነሣ ነው፤ ወይ እናንተ «ሪቡት ብሮከር» ብላችሁ ስታዙ፣ ወይ ሳምንታዊው የጥገና ሰዓት ሲደርስ።

ብሮከሩ በእትም 3 እየሠራ ነው እንበል። የአንድ የመልእክት ወረፋ ደንብ አስተካክላችሁ እትም 4ን ጻፋችሁ፣ ከብሮከሩ ጋርም አያያዛችሁት። «ዲስክራይብ ብሮከር» ብላችሁ ብትጠይቁ አሁን የሚሠራው 3፣ በመጠባበቅ ላይ ያለው 4 እንደሆነ ይነግራችኋል። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ኮዱን አሥር ጊዜ መልሶ ያስኬዳል፤ ትርፉ ከ5 እስከ 14 ያሉ እትሞችን መከመር ነው። (እኔም ከምሬያለሁ።)

እስከዚህ ያለው ቁርጥ ነው። የሚለያየው ዳግም ማስነሣቱ የሚያስከትለው መቋረጥ ነው። ብሮከሩ አንድ ብቻውን የቆመ ከሆነ እስኪነሣ ድረስ አገልግሎት የለም፤ በክላስተር (አብረው በሚሠሩ በርካታ ሰርቨሮች፣ ማለትም አንጓዎች) ያለ ራቢትኤምኪው የተባለው የብሮከር ዓይነት ግን አንጓዎቹን ተራ በተራ ያስነሣል። ስለዚህ የማስነሻውን ትእዛዝ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ስክሪፕት አትስፉት።