ኢ-ኮል፦ ሲጋጭ ራሱ የሚደውል መኪና

ኢ-ኮል በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መኪና ሲጋጭ በራሱ ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩ 112 የሚደውል ሥርዓት ነው። ከማርች 31 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ሞዴል የቤት መኪናና ቀላል የንግድ መኪና ያለ እሱ ፈቃድ አያገኝም። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጣሪያው ላይ የሚያዩት «ኤስ.ኦ.ኤስ» የሚል ቁልፍ የእሱ ነው፤ አደጋ ያየ ሰውም በእጁ ሊጫነው ይችላል።

ኤርባግ ሲፈነዳ መኪናው ደውሎ የድምፅ መስመር ይከፍታል፤ አብሮም 140 ባይት መልእክት ይልካል። አንድ የአማርኛ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ይህ 46 ፊደል ያህል ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ መኪናው የሚጓዝበት አቅጣጫ፣ የሻንሲ ቁጥሩና የነዳጁ ዓይነት ይገባሉ። አቅጣጫው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፦ መሃሉ በተከፈለ ፈጣን መንገድ ላይ አምቡላንስ በተሳሳተው በኩል ከገባ፣ የሚዞርበት ቦታ እስኪያገኝ ደም የሚፈሰው ሰው ይጠብቃል።

ግጭት መድረሱን ማወቅ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ሰውየው ምን ያህል እንደተጎዳ መገመት ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው መኪና አምራች ጀነራል ሞተርስ የተጀመረው ኦንስታር የተባለ ተመሳሳይ አገልግሎት በዚህ በኩል ርቆ ሄዷል። መኪናው በግጭቱ ቅጽበት ፍጥነቱ ምን ያህል እንደተለወጠ፣ ከየት በኩል እንደተመታ፣ ደጋግሞ መጋጨቱንና መገልበጡን ይመዘግባል፤ ቀበቶ መታሰሩም ይታያል። ከእነዚህ ተነስቶ የከባድ ጉዳት ዕድል በመቶኛ ይሰላል። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የሰበሰባቸው ባለሙያዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ጉዳቱ ከባድ ሊሆን ይችላል ተብሎ የሚወሰድበትን መነሻ 20 በመቶ አድርገውታል። ጃፓን ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ስሌትን ሐኪም ይዞ ከሚበር ሄሊኮፕተር ጋር ማገናኘት ጀመረች።

እኔ የማምነው ስሌቱ ስለ ብረቱ ከሚያውቀው ይልቅ ስለ ገላው የሚያውቀው ጥቂት መሆኑን ነው። ወጣቱን ቆዳውን ልጦት ያለፈው ምት የአዛውንቱን ጎድን ሊሰብር ይችላል።

ሌላም ትልቅ ክፍተት አለ። መኪና እግረኛ ሲገጭ ኤርባጉ ብዙ ጊዜ አይፈነዳም፤ ስለዚህ ሰው ቁልፉን ካልተጫነ ኢ-ኮል ዝም ይላል። እንደ ኢትዮጵያ በመንገድ ከሚሞቱት መካከል ብዙ እግረኞች ባሉበት አገር ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። እግረኛውን ሊያይ የሚችለው በመስቀለኛ መንገድ ተተክሎ ከምስል ግጭትን የሚለይ ካሜራ ነው። እሱም ቢሆን በጨለማና በዝናብ ይቸገራል፤ ከቆመ አውቶቡስ ጀርባ የወደቀውንም አያየውም።