«በዚች መጫወቻ ነው ላይቭ የምትሰራው?» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

አንድ ሳምፕለር (የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውት)፣ አንድ ትንሽዬ ሲንት (ድምፅ ራሱ የሚፈጥር ኪቦርድ)፣ አንድ ድራም ማሽን (የከበሮ ምት የሚያወጣ)፣ ሁሉም በአንድ የጀርባ ቦርሳ። ይሄንን ይዤ ላውንጅም፣ ሰርግም፣ የስዕል ኤግዚቢሽን መክፈቻም እሰራለሁ። ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ሳወጣ ታዲያ አንዱ አንገቱን አስግጎ መጥቶ አስተያየት ሳይሰጥ አይሄድም። መልሱን ስደጋግም ስለደከመኝ ጽፌው ልገላገል።

«ፕሌይባክ (ተቀድቶ ያለቀ ዘፈን) ነው፣ ቁልፍ ተጭኖ ቆሞ ነው።» ድምፆቹን ቤት አዘጋጅቻቸዋለሁ፣ አልደብቅም። ጊታሪስቱም ክሩን መድረክ ላይ አልፈተለውም እኮ። የትኛው መቼ እንደሚገባ፣ ከበሮው መቼ እንደሚወጣ፣ ቤዙ ስንት ዙር እንደሚቆይ ግን የሚወሰነው እዛው ነው፣ ሰው ከወንበሩ ሲነሳ ወይም ስልኩን ሲያወጣ እያየሁ።

«ላፕቶፕ ከሌለህ ፕሮፌሽናል አይደለህም።» አረ በፈጠራችሁ።

«ዕቃ የበዛለት ይበልጣል።» የዋልያስ ባንዱ ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና ሪትም ማሽን ይዞ ብቻውን አልበም ሰርቷል። በኋላ ታክሲ ሲነዳም ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ በባትሪ የሚሰራ ኪቦርድ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እስቲ እሱን ዕቃህ አነሰ በሉት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። «እነዚህ ማሽኖች ለፈረንጅ ቴክኖ የተሰሩ ናቸው፣ ችክችካ አይወጣባቸውም።» ይሄን የሚሉኝ መንገደኞች ቢሆኑ ባልከፋኝ፣ የሚሉኝ ሙዚቀኞች ናቸው። አንድ ሰርግ ላይ ከባንድ ጋር እየተፈራረቅን ስንሰራ የባንዱ ኪቦርዲስት፣ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው፣ ዕቃዬን ከላይ እስከ ታች አይተው «ልጄ፣ ይሄ እኮ ዱም ዱም ብቻ ነው የሚያውቀው» አሉኝ። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማሽኑ ምንም አያውቅም። ዱም ዱምም አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው ሲኩዌንሰር (ምቶቹን በተራ የሚያስኬደው የማሽኑ ክፍል) ሲከፈት 16 ስቴፕ፣ ማለትም 16 የምት ቦታ፣ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ፣ አራት አራት እየተቆጠረ ለ4/4 እንዲመች። ችክችካ ደግሞ 6/8 ነው፣ ሶስት ሶስት ነው የሚሄደው፣ 16 ደግሞ ለሶስት አይካፈልም። ስለዚህ 16ቱ ላይ ችክችካ ሊደረድር የሚሞክር ሰው መጀመሪያ ላይ የሆነለት ይመስለዋል፣ ዙሩ አልቆ እንደገና ሲጀምር ግን እግሩ ይጠላለፋል፣ ከዛ ማሽኑን መሳደብ ነው። መፍትሄው የፓተርኑን (የሚደጋገመውን ዙር) ርዝመት 12 ማድረግ ነው፣ በቃ። ኤሌክትሮን ዲጂታክት ላይ ርዝመቱን 12 ታደርጉታላችሁ፣ ኮርግ ቮልካ ቢትስ ላይ አክቲቭ ስቴፕ ገብታችሁ የመጨረሻዎቹን አራት ታጠፏቸዋላችሁ፣ ኤምፒሲ ላይ ደግሞ ታይም ሲግኔቸሩን ራሱን 6/8 ብላችሁ ትመርጣላችሁ። ዋናዎቹ ምቶች 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ ይወድቃሉ፣ ጭብጨባውንና ሌላውን በመሀል በመሀል እጃችሁ እንደለመደው ሙሉት።

እዚህ ድረስ የሚመጡ አሉ፣ ከዛ «ቴምፖው ተበላሸብኝ» ብለው ይመለሳሉ። አልተበላሸም። ማሽኑ አሁንም አራት ስቴፕ እንደ አንድ ምት ነው የሚቆጥረው፣ እናንተና ጨፋሪው ግን ሶስቱን ነው እንደ አንድ የምትሰሙት። ስለዚህ የምትፈልጉትን ፍጥነት በሶስት አራተኛ አባዙት። 120 እንዲሰማ ከፈለጋችሁ ማሽኑ ላይ 90 ትጽፋላችሁ። ዲሌይ (ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልሰውን) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሩብ ኖታ ላይ አትተዉት፣ እሱ በየአራት ስቴፑ እየመለሰ ምቱን ይበጠብጥባችኋል፣ ዶትድ ኤይትዝ የሚለውን ምረጡ፣ ልክ ሶስት ስቴፕ ነው። ሜትሮኖሙን ዝጉት፣ እሱም በአራት ነው የሚጮኸው። ስዊንግም (ምቱን የሚያወዛውዘው ማስተካከያ) 50 ላይ፣ ማለትም ምንም ሳይገፋ፣ ይሁን፣ ምክንያቱም ስዊንግ ተጋማሽ ቁጥር የሆኑትን ስቴፖች (2፣ 4፣ 6 እያለ) ብቻ ነው ወደ ኋላ የሚገፋው፣ በሶስት በሶስት በሚሄድ ነገር ላይ ይሄ የሰከረ ሰው አካሄድ ይሆናል። ያቺን የምናውቃትን ማንከስ ከፈለጋችሁ ኳንታይዙን (ምታችሁን ስቴፑ ላይ አስገድዶ የሚያስተካክለውን) አጥፍታችሁ ፓዱን በጣታችሁ ምቱት።

ጋሼ እያዩኝ 12 አድርጌ ለቀቅኩት። የሙሽራዋ አክስቶች ትከሻ ሲነሳ እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይሄማ ፕሌይባክ ነው።»

«ቅኝታችንስ?» ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም አምስት አምስት ኖታ ናቸው፣ ኪቦርድ ላይ ሲጫወቷቸው ነው የኖሩት። ልዩነቱ የሚሰማው መሲንቆ ስትጨምሩ ነው፣ መሲንቆ የፒያኖ ልክ የማክበር ግዴታ የለበትም። የተቀዳው መሲንቆ ሳምፕለር ውስጥም የራሱን ቅኝት እንደያዘ ነው። እሱን ከሲንቱ ጋር ለማስማማት አትጎትቱት፣ ሲንቱን በፋይን ቲውን (ቅኝቱን በጥቂቱ በሚያስተካክለው) ጥቂት ሳንት፣ ማለትም የግማሽ ድምፅ መቶኛ፣ አንቀሳቅሳችሁ ቢያንስ መነሻው ኖታ እንዲገጥም አድርጉ።

«ማሽንህ ቤዝ የለውም።» ይሄ የሳውንድ ሰዎች ነው። አንድ ላውንጅ ውስጥ ድራም ማሽኔን ሰክተው ኪኩ (ትልቁ ከበሮ) ጠፋ፣ ቤዙ ጠፋ፣ የቀረው ከሩቅ የሚሰማ የሪቨርብ (የማስተጋባት) ጭራ ብቻ ነበር፣ ልጁም «ወንድሜ ይሄ የቻይና ነው፣ ሞቷል» ብሎ ፈረደ። ገመዱን ነቅዬ አሳየሁት፣ ጃኩ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር አለ፣ ስቴሪዮ ነው። ያንን የሚክሰሩ አንድ ባላንስድ (በሁለት መስመር አንድ ድምፅ ብቻ የሚቀበል) ቻናል ውስጥ ስትሰኩት ሚክሰሩ ግራና ቀኝ መሆኑን አያውቅም፣ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። በሁለቱም በኩል አንድ አይነት የሆነው ድምፅ ሁሉ ይጠፋል፣ ኪክና ቤዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ስለሚቀመጡ መጀመሪያ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። አንዱ ጫፉ ስቴሪዮ፣ ሌላው ጫፉ ሁለት ሞኖ ጃክ የሆነ ገመድ ያዙና በሁለት ቻናል አስገቡት። ሚክሰሩ ሩቅ ከሆነ ዲአይ ቦክስ (ድምፁን ለረጅም ገመድ የሚያዘጋጅ ሳጥን) ጠይቁ፣ ረጅም ተራ ገመድ በመንገዱ ያገኘውን ጩኸት ሁሉ ለቅሞ ነው የሚመጣው። ገመዱን ደግሞ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ «እዛ አለ» የሚባል ነገር የለም።

«ሞኖ ከሆነ ጥራት የለውም።» ብዙ ቤት ሞንታርቦው ሁሉ በሞኖ ነው የተያያዘው፣ ማንም አያውቅም፣ ማንም አልሞተም።

«በባትሪ ስለሚሰራ መብራት ቢጠፋም ግድ የለም።» ማሽኑ አይጠፋም፣ ሞንታርቦው ግን ይጠፋል፣ ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ ለራሳችሁ በሄድፎን እየተጫወታችሁ ነው። የባትሪ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ከማከፋፈያው ስትላቀቁ ያ ዝዝ የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ አብሮ ይሄዳል፣ ላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ሆኖ ሲሰራ የሚያሰማውን አይነት ማለቴ ነው። ፓወር ባንክ ለሮላንዱ ሳምፕለር ለኤስፒ 404 ማርክ 2 ይሆናል፣ በዩኤስቢ ሲ ይቀበላል። በጣም ትንሽ ኃይል የሚጠቀሙ ዕቃዎች ላይ ግን አንዳንዱ ፓወር ባንክ ምንም ያልተሰካበት መስሎት ራሱን ይዘጋል፣ በዘፈን መሀል። ቤት ሙሉ ሰዓት ሞክሩት።

«9 ቮልት 9 ቮልት ነው።» አይደለም። ቮልካ መሀሉ ፖዘቲቭ ነው የሚፈልገው፣ አብዛኛው የጊታር ፔዳል አዳፕተር ደግሞ መሀሉ ኔጋቲቭ ነው፣ የሶኬታቸው መጠን ይለያያል፣ ቁጥራቸው ግን አንድ ነው፣ በመቀየሪያ ጫፍ አጋጥማችሁ ገልብጣችሁ ስትሰኩት ዕቃችሁን ልትሸኙት ትችላላችሁ። አዳፕተሩ ላይ ያለችውን የክብ ስዕል እዩ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ 100-240 የሚል ፈልጉ፣ 120 ብቻ ካለ የኛ 220 ያጨሰዋል። ጽሁፉ ካነሰባችሁ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አጉሉት፣ ከመሰካታችሁ በፊት።