የአንድ ቤት ተሽከርካሪዎችን በአንድ ውል መድን ማስገባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎንደር ውስጥ አባት ቪትዝ የሚነዳበት፣ ልጅ በማራኪና በፒያሳ መካከል ባጃጅ የሚሠራበት፣ ከመተማ ሰሊጥ የሚያመላልስ አይሱዙ ደግሞ ከግቢ የሚያድርበት ቤት ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ውሉ በሚታደስበት ጊዜ «ሁሉንም በአንድ ፖሊሲ አድርጉልን» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ የማደሻው ቀን አንድ ይሆናል፣ የተሽከርካሪው ቁጥር ሲበዛም በዓረቦኑ (ለመድኑ በሚከፈለው ገንዘብ) ላይ ቅናሽ ለመደራደር ይመቻል። የሚያሳስበው ብዙዎች ከዚህ አልፈው ውሉ የማይሰጠውን ነገር ከውሉ መጠበቃቸው ነው።

«ውሉ አንድ ከሆነ የመድኑ ገንዘብም ይደመራል።»

አይደመርም። ከፖሊሲው ጋር በሚያያዘው ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ከሰሌዳው፣ ከሻንሲና ከሞተር ቁጥሩ፣ ከተገመተለት ዋጋና ከሽፋኑ ዓይነት ጋር ለብቻው ይሰፍራል፤ ለአይሱዙው የተያዘው ገንዘብ የቪትዙን ጉድለት አይሞላም።

ጉድለቱ ደግሞ ዛሬ በብዙ ቤት አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ እጅግ ተለውጧል፤ ሆኖም ዓረቦን እንዳይጨምርባቸው ሲሉ የድሮውን ግምት እንዳለ የሚያሳድሱ ብዙ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ከዋጋው በታች መድን የተገባለትን ንብረት ባለቤት ለጎደለው ክፍል የራሱ መድን ሰጪ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የገበያ ዋጋው 2 ሚሊዮን ብር የሆነ መኪና በ1 ሚሊዮን ብር መድን ተገብቶለት የ300 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ የሚታሰበው ካሳ 150 ሺህ ብር ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰስ የሚባለው የመድን ገቢው ድርሻ ይቀነሳል። ሦስት ተሽከርካሪ በአንድ ቀን ሲታደስ የአንዱን ግምት ሳያዩ ማለፍ ይበልጥ ቀላል በመሆኑ፣ በእኔ እይታ ከቅናሹ ድርድር በፊት መታየት ያለበት ይህ የዋጋ ግምት ዓምድ ነው።

«አንድ የሦስተኛ ወገን ስቲከር ለሁሉም ይበቃል።»

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን (በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባው) ግዴታ የተጣለው በተሽከርካሪው ላይ ነው። ባጃጁም፣ ቪትዙም፣ አይሱዙውም የየራሳቸው ሽፋንና ስቲከር ሊኖራቸው ይገባል።

«የቤተሰብ እስከሆነ ድረስ ሊብሬው በማንም ስም ቢሆን ግድ የለም።»

ብዙ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። መድን መግባት የሚችለው ንብረቱ ሳይጎዳ እንዲቆይ ጥቅም ያለው ሰው ነው። ለባልና ሚስት ጉዳዩ ቀላል ነው፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ተደርጎ ይወሰዳል። ራሱን የቻለ ልጅ በገዛ ስሙ ያወጣው ባጃጅ ግን የልጁ ነው፤ አባቱ በራሱ ስም ብቻ ውል ቢገባለት በካሳ ጊዜ ጥያቄ ይነሳል። ይህ ሲሆን ልጁም በፖሊሲው ላይ በመድን ገቢነት እንዲጠቀስ፣ ኩባንያው ይህን ካልተቀበለም ባጃጁ ለብቻው ውል እንዲኖረው ማድረግ ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ስም ሳይዞር በውክልና ብቻ የተገዛ መኪና ነው። ገዢው ዓመት ከዓመት ዓረቦን ሲከፍል ይኖራል፤ አደጋ ሲደርስ ግን ሊብሬው ላይ ያለው የሻጩ ስም ነው። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው የሚቀር በመሆኑ፣ በዚያ ጊዜ ገዢው የካሳ ጥያቄውን ይዞ ከሻጩ ወራሾች ጋር መነጋገር ሊኖርበት ይችላል። የስም ማዞሪያው ወጪ ከብዶት የሚያቆየው ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

«አንድ ቤት ስለሆነ አንድ ታሪፍ ነው፤ ማንም ይንዳው፣ ለምንም ይዋል።»

ዓረቦን የሚሰላው በቤተሰቡ ሳይሆን በተሽከርካሪው ዓይነት፣ ዋጋ፣ ዕድሜና አገልግሎት ነው። ኮድ 2 የሆነው የቤት መኪና በጥምቀት ሰሞን እንግዳ ሲበዛ በኪራይ ሰው ቢያመላልስ፣ ውሉ የተገባበት አገልግሎት ተለውጧልና መድን ሰጪው ካሳውን ለመከልከል ምክንያት ያገኛል። የአገልግሎት ለውጥን አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅና ተጨማሪውን ዓረቦን መክፈል ያስፈልጋል። እንደዚሁም የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ብቻ ያለው ልጅ አይሱዙውን ይዞ ሲወጣ፣ ውሉ የቤተሰቡ መሆኑ ፈቃዱን አይተካለትም።

«የራሳችን ሁለት መኪና እርስ በርሱ ቢጋጭ በሦስተኛ ወገን ይከፈለናል።»

በግቢ በር ላይ ወደ ኋላ ሲወጣ አይሱዙው ቪትዙን ቢመታ፣ የሁለቱም ባለቤት አንድ ሰው ነው። ሰው ለራሱ ባለዕዳ ሊሆን ስለማይችል የሦስተኛ ወገን ሽፋን እዚህ ላይ አይሠራም። የቪትዙ ጉዳት የሚካሰው ቪትዙ ራሱ ሙሉ መድን (የራሱንም ጉዳት የሚሸፍን) ካለው ነው፤ አይሱዙውም ከተጎዳ እንደዚያው፣ ኤክሰሱም ለየብቻው ይታሰባል። አደጋው የደረሰው በቤት ውስጥ ነው ተብሎ ለመድን ሰጪው ማሳወቁ መዘግየት የለበትም፤ የንግድ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ 5 ቀን ነው።

«አንዱ ከተጋጨ የሁሉም ቅናሽ ይጠፋል።»

ይህ እንደ ውሉ ነው። አደጋ ላላስመዘገበ የሚሰጠው ቅናሽ በየተሽከርካሪው ከተያዘ የባጃጁ ግጭት የቪትዙን ቅናሽ አይነካም፤ ዓረቦኑ በጠቅላላው የካሳ ታሪክ ተመዝኖ የሚወሰን ከሆነ ግን ዓመቱን ሙሉ ከባጃጁ የሚመጣው ጭረት ሁሉ የአይሱዙውን ማደሻ ያስወድዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ባጃጁን ከጋራው ውል አውጥቶ ለብቻው ማስገባት ከቡድን ቅናሹ የበለጠ ሊያተርፍ ስለሚችል፣ ከመፈረም በፊት ሁለቱንም ስሌት በወረቀት አሠርቶ ማየት ይገባል።