ኮንኮርድ በቡፌ ውስጥ፦ ከድምፅ የፈጠኑ አውሮፕላኖችን ሞዴል መሰብሰብ

ከድምፅ ፈጥነው መንገደኛ ያጓጓዙ አውሮፕላኖች ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው። አንዱ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ኮንኮርድ ነው። ሌላው የሶቭየት ቱፖሌቭ ቱ-144 ነው። ስለዚህ የእነሱን ሞዴል መሰብሰብ ዳር ያለው ሥራ ነው። የቦይንግ ሞዴል የጀመረ ሰው መቼም አይጨርስም። ለእነዚህ ግን የቡፌው አንድ መደርደሪያ ይበቃል። ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ በጠበበ ቤት ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በየትኬት ቢሮው ጠረጴዛ ላይ የምናየው ሞዴል ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ዳይካስት የሚባለው ግን የዚንክ ቅይጥ ቀልጦ፣ በብረት ቅርጽ ውስጥ በግፊት ገብቶ የሚሠራ ነው። እጅ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ይታወቃል። የተለመደው መጠን 1ለ400 ነው። እውነተኛው ኮንኮርድ 62 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም ሞዴሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ይሆናል፤ የእስክሪብቶ ያህል ማለት ነው። ከውጭ ሰው ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ ካልሲ መሀል ተጠቅልሎ ይገባል።

ሞዴል ስታነሱ መጀመሪያ አፍንጫውን እዩ። ኮንኮርድ ሲያርፍ አፍንጫውን 12.5 ዲግሪ ወደ ታች ያጎነብስ ነበር፤ አለዚያ አብራሪው ማኮብኮቢያውን አያይም። ጎማው ወርዶ አፍንጫው ቀጥ ያለ ሞዴል የማረፊያውን መልክ ስቷል። ቱ-144 ደግሞ ከአብራሪዎቹ ክፍል ኋላ ሁለት ትንንሽ ተጣጣፊ ክንፎች አሉት። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1968 መጀመሪያ የበረረው ናሙና ግን አልነበሩትም።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ቀለሙ ነው። ኮንኮርድ ነጭ የሆነው ለውበት ብቻ አይደለም። በሙሉ ፍጥነት ሲበር የአፍንጫው ጫፍ እስከ 127 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግል ነበር፤ ነጩ ቀለም ሙቀቱን ለመቀነስ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 አንዱ ለፔፕሲ ማስታወቂያ ሰማያዊ ሲቀባ ክንፎቹ ነጭ ሆነው ቀሩ። የሲንጋፖር አየር መንገድ ቀለም ደግሞ በአንድ አውሮፕላን ግራ ጎን ብቻ ነበር፤ ቀኙ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ነው። ሁለቱም ጎኑ ሲንጋፖር የሆነ ሞዴል ካያችሁ ተሳስቷል። ብራኒፍ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ቀለም የተቀባ እውነተኛ ኮንኮርድ ከነጭራሹ አልነበረም፤ ሞዴሉ ግን ይሸጣል። ዋጋ ከመነጋገር በፊት ይህን ማወቅ ገንዘብ ያድናል።

የቱ-144 ሞዴል ከኮንኮርዱ አጠገብ መቆም አለበት ብዬ አምናለሁ። ኮንኮርድ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 2003 መንገደኛ አመላልሷል። ቱ-144 በሞስኮና በካዛክስታኗ ከተማ በአልማቲ መካከል ያደረገው የመንገደኛ በረራ 55 ብቻ ነው። ጎን ለጎን ሲታዩ ታሪኩ ይገባል።

የቆየ ሞዴል ስትገዙ የክንፉን ሥር በደንብ መርምሩ። ዚንኩ ውስጥ እርሳስ ገብቶበት ከሆነ ብረቱ ከዓመታት በኋላ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። እርጥበት ያባብሰዋል፤ ክረምት ላይ ከእርጥብ ግድግዳ አርቁት። በበጋ ደግሞ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አንሱት፣ ነጩ ይወይባል። አቧራውን በጨርቅ አትጥረጉ፤ ክሩ ጎማዎቹን ይዞ ይነቅላል። ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ይሻላል፤ ከአፍንጫው ጀምሮ ወደ ጭራው።